ቃጭል ታጥቆ ወደ ግቢ የሚገባው እንግዳ፦ ስሎቬኒያውያን ጸደይን የሚቀበሉበት ሥርዓት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

«ቅበላ» የሚለው ቃላችን ለዛሬው ንግግሬ በር ይከፍትልኛል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት ሥጋው፣ ቅቤውና እንቁላሉ ከቤት እስኪያልቅ የሚበላበትን፣ ዘመድ ከዘመድ የሚጠራራበትን ጊዜ ቅበላ ብለን እንደምንጠራው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአልፕስ ተራሮችና በአድሪያቲክ ባሕር መካከል የምትገኘው፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ስሎቬኒያ ይህንኑ ወቅት «ፑስት» ትለዋለች። ቃሉ «ሜሶፑስት» ከሚለው የቆየ ስም ያጠረ ነው፤ «ሜሶ» ሥጋ፣ «ፑስቲቲ» ደግሞ መተው ማለት ነው። እኛ የሚመጣውን ጾም አይተን ወቅቱን ስንሰይም እነርሱ የሚሰናበቱትን ሥጋ አይተው ሰየሙት።

ፑስት ግን ከጾም መግቢያነቱ ሌላ ክረምትን የማባረሪያና ጸደይን የመጥሪያ ጊዜም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። በዚህ ንግግር ክረምት ስል ሐምሌና ነሐሴን፣ ጭቃውንና ዝናቡን ማለቴ አይደለም። የስሎቬኒያ ክረምት መሬቱ በውርጭ የሚደርቅበት፣ ከብቱ ከበረት የማይወጣበት፣ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ተኩል ገደማ የምትጠልቅበት ወቅት ነው። አርሶ አደሩ በመኸር ያስገባው እህልና ድርቆሽ ከወር ወደ ወር ሲጎድል እያየ ይቀመጣል፤ አዲሱ ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዛሬ የምተርክላችሁ ሥርዓት የተወለደው እንዲህ ካለው የየካቲት ወር ጭንቀት ነው፤ ይህን ሳንይዝ ጭምብሉንና ጭፈራውን ብቻ ብናይ የልጆች ጨዋታ ይመስለናል።

የነገሬ ማዕከል ፕቱይ የምትባለው ከተማና በዙሪያዋ ያለው ሜዳ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ስሎቬኒያ፣ በድራቫ ወንዝ ዳር የምትገኘው ፕቱይ በሮማውያን ዘመን ፖኤቶቪዮ ትባል የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት፤ በ69 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቬስፓሲያንን የሮም ንጉሠ ነገሥት ለማድረግ የተነሡ የጦር አዛዦች የመከሩት በዚህች ከተማ ነበር። ዛሬ ስሟን በዓለም የሚያስጠራው ግን «ኩሬንት»፣ በመንደሮቹ ሰዎች አነጋገር «ኮራንት» የተባለው ፍጡር ነው። ኩሬንት ከራስ ፀጉሩ እስከ ጉልበቱ የበግ ለምድ የለበሰ፣ ወገቡን ቃጭል የታጠቀ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ክፉውን አስወጥቶ መልካሙን የሚያስገባ እንግዳ ነው።

ይህን እንግዳ ያየሁት በፕቱይ ሜዳ ላይ፣ ማርኮቭጺ ከምትባለው ቦታ ብዙም በማትርቅ መንደር፣ አንዲት አረጋዊት እመቤት ቤት በእንግድነት ሰንብቼ ሳለ ነው። ድምፁ ከመልኩ ቀድሞ ይመጣል። መጀመሪያ ከሩቅ፣ የከብት መንጋ ከግጦሽ ተደናግጦ የሚሮጥ የሚመስል የቃጭል ጩኸት ተሰማ። እመቤቲቱ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና መደርደሪያው ላይ አስቀድመው ያዘጋጁትን የሸክላ ማሰሮ አነሡ። በሩን ስንከፍት ስድስት ኩሬንቶች በአጥሩ በር እየዘለሉ ይገቡ ነበር። እየዘለሉ ስል ማጋነኔ አይደለም፤ ኩሬንት እንደ ሰው አይራመድም። ቃጭሎቹ እንዲመቱ ወገቡን ወደ ግራና ቀኝ እየጣለ፣ ከመሬት ብድግ እያለ ነው የሚሄደው፤ እንዲህ ለመሄድ ወጣቶቹ ጉልበትም ልምምድም ያስፈልጋቸዋል።

አንዱ ከፊቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመ። ለምዱ ጠጉሩ ወደ ውጭ የሆነ፣ ነጭ ነበረ፤ ከእርሱም የበግ ሽታና የላብ እንፋሎት አብሮ ይወጣል። ፊቱ ከቆዳ የተሠራ ጭምብል ነው። የዓይኖቹና የአፉ ቀዳዳ ዙሪያቸው ቀይ ተቀብቷል፤ ጥርሶቹ በክር የተሰኩ የቦሎቄ ፍሬዎች ሲሆኑ ከአፉ ወጥቶ እስከ ደረቱ የሚወርድ ረጅም ቀይ ምላስ አለው። በራሱ ላይ የደፋው ቆብ በሁለት ጎን ላባ የተተከለበትና ከጫፉ ባለቀለም ጥብጣብ የሚርገበገብበት ነበር። ከድራቫ ወንዝ ወደ ደቡብ፣ ሃሎዜ ወደሚባለው ኮረብታማ የወይን አገር ሲሄዱ ደግሞ በላባው ፈንታ የበሬ ቀንድ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የአካባቢው ሰው ቆቡን አይቶ ብቻ ኩሬንቱ ከየት በኩል እንደመጣ ይናገራል። ወገቡ ላይ በሰንሰለት የታሰሩት ቃጭሎች ብዙውን ጊዜ አምስት ናቸው። እግሩ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ የሱፍ ገንባሌ ያጠልቃል። በእጁ የሚይዘው ዱላ «ዬዤቭካ» ይባላል፤ ጫፉ በጃርት እሾህ የተሸፈነ ነው፣ ስሙም «ዬዥ» ከሚለው የጃርት ስም የመጣ ነው። ይህ ሁሉ ልብስና ዕቃ ሲደመር ከ30 እስከ 40 ኪሎ እንደሚመዝን ይነገራል፤ ያን ተሸክሞ ከጠዋት እስከ ማታ መዝለል ምን እንደሆነ ላብ ያጠመቃቸውን አንገቶች ያየ ሰው ይረዳዋል።

ኩሬንቶቹ እመቤቲቱን በመካከል አድርገው ክብ ሠሩ። ቃል አልተናገሩም፤ የኩሬንት ንግግሩ ቃጭሉ ነው። ዙሪያቸውን እየዘለሉ ሲያናውጡት የደረት አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ያን ጊዜ እመቤቲቱ ማሰሮውን ከፍ አድርገው ከኩሬንቶቹ እግር ሥር መሬት ላይ ፈጠፈጡት። ማሰሮ መስበር ለቤቱ ዕድልና ጤና ያመጣል ተብሎ የሚደረግ ነው። ኩሬንቶቹም በስብርባሪው ላይ እየዘለሉ ደወሉ። ከዚያ በኋላ እንቁላልና ቋሊማ ቀረበ፤ መጠጥም ተቀዳ። አንዲት የጎረቤት ልጅ መጥታ በአንደኛው ኩሬንት ዱላ ላይ መሐረብ አሰረችለት። ይህም የቆየ ልማድ ነው፤ በድሮው ዘመን ኩሬንት የሚሆነው ያላገባ ወንድ ብቻ ስለነበር ብዙ መሐረብ ያንጠለጠለ ጎረምሳ በመንደሩ ዘንድ ክብሩ ከፍ ያለ ነበር።

ከኩሬንቶቹ ጋር ቀይ ወይም ጥቁር የለበሰ፣ ቀንድ ያለው፣ መረብና መንሽ የያዘ ሰይጣን አብሮ ይዞራል። ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታጨማድዱ አያለሁ፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ሆኜ ነበር። የሰይጣን መልክ የያዘ ነገር በክርስቲያን ግቢ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ከሥርዓቱ አወቃቀር ውስጥ ይገኛል። የኩሬንት አስፈሪነት በሰው ላይ የተቃጣ አይደለም፤ ከሰውየው ኋላ ባለው፣ በማይታየው ነገር ላይ የተቃጣ ነው። አስፈሪውን የሚያስፈራ ሌላ አስፈሪ ያስፈልጋል ብለው ያምኑ ነበርና ቃጭሉ እንዲጮህ፣ ዱላው በእሾህ እንዲሸፈን፣ ፊቱም እንዲከፋ አደረጉ። የሥርዓቱ የጊዜ ሰሌዳ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የቤተ ክርስቲያን ነው። ኩሬንቶች ለምዳቸውን የሚለብሱት ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ ጌታ በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል ሲሆን ነው፤ በሌሊቱ እሳት አንድደው በዙሪያው እየዘለሉ ዘመናቸውን ይከፍታሉ። ስሎቬኒያውያን በዓሉን «ስቬችኒጻ»፣ የሻማ በዓል ይሉታል። እኛ ዘንድ ይህ በዓል የካቲት 8 ቀን፣ በዓለ ስምዖን ተብሎ የሚከበረው ነው። የሚያበቁትም ካቶሊኮች ግንባራቸውን በዐመድ በሚቀቡበት፣ ጾማቸው በሚገባበት ረቡዕ ነው።

ፋሲካ ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚዘዋወር የኩሬንት ዘመንም አንዳንዴ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ያጥራል። የፑስት ማክሰኞ ቢቀድም ፌብሩዋሪ 3፣ ቢዘገይ ማርች 9 ቀን ይውላል፤ ስለዚህ በአንዱ ዓመት ኩሬንት ከአምስት ሳምንት በላይ ሲዞር በሌላው ዓመት ለምዱን ለብሶ ሳይጠግብ ይሰቅላል። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚገጥም ነገር ቢሆንም የመንደሩ ወጣቶች የቀን መቁጠሪያ የሚያገላብጡበት አንዱ ምክንያት እንደሆነ አይቻለሁ።

የኩሬንት ሥር ከየት ነው የሚለው ክርክር ረጅም ነው። አንዳንዶች ስላቮች ወደዚያ አገር ይዘውት የመጡት የጥንት አምልኮ ቅሪት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ከእነርሱ በፊት በአካባቢው የኖሩ ሕዝቦች ያወረሱት ነው ይላሉ፤ ከባልካን በተሰደዱ ሰዎች በኩል የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ከ1906 እስከ 1995 የኖረው ኒኮ ኩሬት የተባለው የሕዝብ ልማድ ተመራማሪ ዕድሜውን ለዚህ ሰጥቶ የየአውራጃውን ጭምብሎች አጥንቷል። እኔ ግን ከጥንቱ መነሻ ይልቅ ዛሬም የሚሠራበት ምክንያት ይበልጥ ይማርከኛል። ቃጭል የታጠቀ፣ ለምድ የለበሰ የክረምት አባራሪ በስሎቬኒያ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የክሮኤሺያ፣ የሃንጋሪና የቡልጋሪያ ሕዝቦችም የየራሳቸው አላቸው። ብዙ ሕዝብ ተመሳሳይ ብርድና ተመሳሳይ ሥጋት ሲገጥመው ከበረቱ ያገኘውን፣ ለምዱንና ቃጭሉን አንሥቶ ወጣ።

እኛ ዘንድም ይህን አሳብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን፤ በዚያው ሰሞን ልጆች ጅራፍ ገምደው ያጮሃሉ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ እመቤቲቱም ሙልሙል ትሰጣለች። በፕቱይ ሜዳም በፑስት ሰሞን ረጃጅም ጅራፍ የሚያጮሁ ወጣቶች አሉ፤ «ፖካቺ» ይባላሉ፣ አጩዋሂዎች እንደማለት ነው። የሁለቱ ሕዝቦች ሥርዓት ተወራርሷል ማለቴ አይደለም። ዳሩ ግን ወቅት ሲለወጥ ድምፅ ማሰማት፣ ያንንም በሰው ደጃፍ ማድረግ፣ ለደረሰውም ደጅ መክፈት ምን ማለት እንደሆነ የሆያ ሆዬ ልጅ ለነበረ ሰው ማስረዳት አያሻም።

አጩዋሂዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ«ኦራቺ»፣ ከአራሾቹ ጋር ይመጣሉ። በእኔ አስተያየት ከፕቱይ ሜዳ ልማዶች ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው፤ ከኩሬንቱ ግርማ የተነሣ ብዙ ጎብኚ ሳያስተውለው ያልፋል። ጥቂት ወጣቶች እንደ ፈረስ ተጠምደው በወረቀት አበባና በጥብጣብ ያጌጠ ትንሽ የእንጨት ማረሻ ይጎትታሉ፤ አንዱ እርፉን ይይዛል፣ ሌላው ጅራፉን ያጮሃል። ወደ ግቢው ይገቡና በበረዶው ወይም በጠነከረው መሬት ላይ ክብ ያርሳሉ። ምንም አይታረስም፣ ማረሻውም መሬቱን አይሰነጥቅም። ገና ወር የሚቀረውን እርሻ በምሳሌ አስቀድመው መጀመራቸው ነው። ለባለቤቱም «ሬፓ» የሚባለው ነጭ ሥራ ሥር እንዲወፍርለት፣ አዝመራው እንዲያምርለት ይመኙለታል። ሬፓ በዚያ አገር የድኻው የክረምት ስንቅ ነው፤ ኮምጥጦ በጋን ተከቶ ይከርማል። በፑስት ቀን የሚጨፍር ሰው ከፍ ብሎ በዘለለ ቁጥር ሬፓው ያን ያህል ይወፍራል ተብሎ ይታመን ስለነበር አያቶች ሳይቀሩ ይዘሉ ነበር።

ከአራሾቹ ኋላ «ሩሳ» ትመጣለች፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጨርቅ ሥር ገብተው የሚሠሯት ባዝራ ናት፣ የከብቱን ጤና ታመጣለች፣ ግቢው ውስጥም ትራገጣለች። በሰንሰለት የሚጎተት ድብም አለ። በእነዚህ ላይ አልቆይም።

የልምላሜው ምኞት በእርሻና በከብት አያቆምም፤ በሰውም ላይ ይደርሳል። ከሃንጋሪ ጋር በሚዋሰነው በፕሬክሙርዬ አውራጃ «ቦሮቮ ጎስቲቫንዬ»፣ የጥድ ሠርግ የሚባል ነገር አለ። በአንድ መንደር እስከ ፑስት ድረስ አንድም ሠርግ ሳይደረግ ከቀረ ይህ ለመንደሩ ነውር ነው። ስለዚህ መንደርተኛው በሙሉ ወደ ጫካ ወጥቶ ትልቅ ጥድ ይቆርጣል፣ አስጊጦም ወደ መንደር ይጎትተዋል፤ አንድ ያላገባ ወጣት ወይም አንዲት ልጃገረድ ለጥዱ ትዳራለች። ሚዜ አለ፣ ጠሪ አለ፣ ቄስ መስሎ የለበሰ አለ፣ ሙዚቀኛ አለ፣ ግብዣው የእውነት ነው። በሌሎች አካባቢዎችም የዛፍ ግንድ በመጎተት ይህንኑ የሚያሳዩ አሉ። ሳቁ ብዙ ነው፤ ከሳቁ ሥር ያለው ነገር ግን ትንሽ መንደር ልጆቿ ካላገቡ፣ ሕፃን ካልተወለደባት ነገ ምድረ በዳ እንደምትሆን የሚያውቅ የገበሬ ፍርሃት ነው። ወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር በሚፈልስበት በዚህ ዘመን ያ ፍርሃት እንደ ድሮው ነው።

አሁን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ልውሰዳችሁ። በተራሮች መካከል ያለችው ጸርክኖ የምትባለው ከተማ ፑስትን የምትቀበለው በፍርድ ቤት ነው። ሥርዓቱ «ላውፋሪያ»፣ ተሳታፊዎቹ «ላውፋሪ» ይባላሉ። ሁሉም «ላርፋ» የሚሉትን፣ ሊፓ ከሚባለው ዛፍ ተጠርቦ የተቀባ የእንጨት ጭምብል ያደርጋሉ። እያንዳንዱ የራሱ ስምና ጠባይ አለው፦ ሽማግሌውና አሮጊቷ አሉ፣ ሰካራሙና ሰካራሟ አሉ፣ ጌታውና እመቤቲቱ አሉ፣ ሐረግ ብቻ የለበሰ አለ፣ የጥድ ቅርንጫፍ ብቻ የለበሰ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ፑስት ራሱ አለ፤ በዚህች ከተማ ፑስት የወቅት ስም መሆኑ ቀርቶ ሰው ሆኗል። ልብሱ እርጥብ ድንጋይና ግንድ ከሚያለብሰው ለስላሳ አረንጓዴ ዕፅ የተሠራ ነው፤ በራሱ ላይ ቀንድ አለው፣ በእጁም ትንሽ ጥድ ይይዛል።

ፑስት ተይዞ በአደባባይ ለፍርድ ይቀርባል። ክሱ በአካባቢው አነጋገር ይነበባል፤ ባለፈው ዓመት የደረሰው ክፉ ነገር ሁሉ የእርሱ ጥፋት ነው። አየሩ የከፋው፣ አዝመራው የከሳው፣ መንገዱ የተበላሸው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የተጣላው በእርሱ ነው። ክሱ በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ የከተማው ሰዎች ሹማምንታቸውንና ራሳቸውን በስም እየጠሩ የሚተቹበት አጋጣሚ ነው፤ ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ የተባለው በዚያ ቀን በጩኸት ይባላል። ፑስት ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ማክሰኞ ዕለትም በእንጨት መዶሻ ይገደላል። ከአደባባዩ ወጥቶ የሚሄደው ሕዝብ ፊቱ ላይ የማነበው ስሜት ዕረፍት ይመስለኛል፤ ቂም ያለበት ሁሉ ቂሙን ለፑስት አሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ላውፋሪያ እስከ ዘመናችን የደረሰው እንደ ተአምር ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተቋረጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ጸርክኖ በኢጣሊያ ሥር ወደቀች፣ በፋሺስቱ ዘመንም የስሎቬኒያ ቋንቋ ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ተከለከለ። የሕዝቡን ቋንቋ በከለከለ አገዛዝ ሥር በዚያው ቋንቋ ክስ የሚነበብበት ሥርዓት ሊካሄድ አይችልም ነበር። ሁለተኛው ጦርነት አልፎ፣ በ1956 የከተማው ሰዎች ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱትን እየጠየቁ፣ ጭምብሎቹን እንደገና እየጠረቡ መልሰው አቆሙት። አርባ ዓመት ያህል የተዘጋን ነገር ከሰዎች ትዝታ መልሶ ማምጣት ምን ያህል እንደሚያደክም፣ አያቱ ይዘፍኑት የነበረውን ዘፈን ግማሹን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ያውቀዋል።

በክርን ተራራ ሥር ባለችው በድሬዥኒጻ ደግሞ ሥርዓቱ የወጣት ወንዶች ነው። «ቆንጆዎቹ» ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መልካም ይመኛሉ፣ ስጦታም ይሰበስባሉ፤ «አስቀያሚዎቹ» ቀንድ ያለው የእንጨት ጭምብል አድርገው፣ ዐመድ የተሞላ ካልሲ ይዘው ልጆችን በጎዳናው ያሳድዳሉ። የተመታ ልጅ ያለቅሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። በጸርክኒጻ፣ ውኃው በየዓመቱ የሚመጣና የሚሰወር ሐይቅ ባላት ከተማ፣ ከስሊቭኒጻ ተራራ ጠንቋዮች ይወርዳሉ፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ያኔዝ ቫይካርድ ቫልቫዞር ስለ ሐይቁም ስለ ተራራው ጠንቋዮችም ጽፏል። የጸርክኒጻው በዓል ግዙፍ ምስሎች የሚጎተቱበት ታላቅ ሰልፍ ነው።

ስለ ሰልፍ ካነሣሁ ወደ ፕቱይ ልመለስ። በ1960 ድራጎ ሃስል የተባለ የፕቱይ ሰው የመንደሮቹ ልማዶች እየጠፉ መሆናቸው አሳስቦት ጭፍራዎቹ ወደ ከተማ መጥተው እንዲታዩ አደረገ። «ኩሬንቶቫንዬ» የተባለው በዓል እንዲህ ተጀመረ፤ ዛሬ በመካከለኛው አውሮፓ ከታወቁት ካርኒቫሎች አንዱ ሆኖ ከብዙ አገር እንግዳ ይጎርፍበታል። ከተማዋ በእነዚያ ቀናት ክሮፊ ክሮፊ ትሸታለች፤ ክሮፊ የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል፣ በውስጡ የአፕሪኮት ማርማላታ ያለበት የፑስት ምግብ ነው። መቶዎች ኩሬንቶች በአንድ ጎዳና ሲያልፉ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ሃስል ያን ባያደርግ ኖሮ ብዙ የጭፍራ ዓይነቶች ዛሬ በፎቶግራፍ ብቻ ይቀሩ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም ሰልፍና ግቢ አንድ አይደሉም፤ ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው። በሰልፉ ላይ ኩሬንት ለተመልካች ይዘላል። ተመልካቹ ከገመድ ማዶ ቆሞ ፎቶ ያነሣል፣ የሚሰብረው ማሰሮ የለውም፣ የሚሰጠው እንቁላል የለውም፣ ኩሬንቱም ማን እንደሆነ አያውቀውም። በግቢው ውስጥ ግን ኩሬንት የሚዘለው ለአንድ ቤት፣ ለአንዲት እመቤት፣ ለታወቀ በረትና ለታወቀ ማሳ ነው። ባለቤቲቱ በሯን ካልከፈተች፣ ማሰሮውን ካላዘጋጀች ሥርዓቱ ጎዶሎ ነው፤ እርሷም ተካፋይ እንጂ ተመልካች አይደለችም። ዩኔስኮ በ2017 ልማዱን በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው የመዘገበው የኩሬንቶችን የቤት ለቤት ዙረት ነው። ምርጫው ትክክል ነበር። ካርኒቫል በብዙ አገር አለ፤ በብርድ የተቀመጠን ሰው ስሙን አውቆ ደጁ ድረስ የሚሄድ የጸደይ አብሳሪ ግን ሊጠበቅ የሚገባው ነው።

ዙረቱ ዛሬ በብዙ ነገር ተለውጧል። ያገቡ ወንዶችም፣ ሴቶችም፣ ሕፃናትም ለምድ ይለብሳሉ። ይህን የማይወዱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ኩሬንት ያላገባ ጎረምሳ ካልሆነ ትርጉሙ ይጠፋል ይላሉ፣ ክርክራቸውንም አልንቀውም። ይሁንና ያን ዕለት በእመቤቲቱ ግቢ ከገቡት ስድስት ኩሬንቶች አንዱ ሊያርፍ ቆቡን ሲያወልቅ ከሥሩ የወጣችው የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። እመቤቲቱ አይተው ውኃ አመጡላት። ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በልጅነታቸው የወንድማቸውን ለምድ ተደብቀው ለብሰው አባታቸው እንደገረፏቸው ነገሩኝና ልጅቷ ቆቧን መልሳ ስትደፋ ከጀርባ ያለውን ማሰሪያ ራሳቸው አጠበቁላት።

የዐመድ ረቡዕ ጠዋት መንደሩ ፀጥ ብሎ ነበር። በብዙ ቦታ በዚያ ቀን ከገለባ የተሠራውን ፑስት በውሸት ለቅሶ ያጅቡና ያቃጥሉታል ወይም ይቀብሩታል፤ እኛ ባለንበት ግን የሚሰማው የቤተ ክርስቲያን ደወል ብቻ ነበር። እመቤቲቱ ግንባራቸው ላይ የዐመድ ምልክት ይዘው ከቅዳሴ ተመለሱ። መጥረጊያ አንሥተው በበረዶው ላይ የቀረውን የማሰሮ ስብርባሪ ወደ አጥሩ ሥር ሰበሰቡት። ከአጥሩ ማዶ ልጅቷ ለምዷን ገልብጣ ገመድ ላይ ታሰጣ ነበር፤ ቃጭሎቹን ወደ ጎተራው ስትወስዳቸው እንዳይጮኹ ምላሳቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልላቸው ነበር።